የውሮ ጢም

ባለፈው ቅዳሜ ሶፋውን ጎትቼ ስጠርግ፣ ልጄ ከአቧራው መሃል ነጭና ጠንካራ ክር የመሰለ ነገር ለቅማ አወጣች። የድመታችን ጢም ነው። ሰባት ዓመቷ ስለሆነ ነገሩን እንደ ዋዛ አላየችውም።

«አባዬ፣ ታማ ነው?»

«አልታመመችም።»

«ተመልሶ ይበቅላል?»

«ይበቅላል።»

«በምን አወቅህ?»

በምን እንዳወቅሁ ለመናገር 30 ዓመት ዘግይቻለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ነገርኳት።

የድመት ጢም እንደ ሌላው ፀጉር ዕድሜ አለው። ዕድሜው ሲደርስ ዛሬ አንዱ፣ ሌላ ጊዜ ሌላው ይወድቃል፤ ከዚያው ቦታ አዲስ ይወጣል። ሙሉ ቁመቱን እስኪያገኝ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅበታል። ሶፋ ሥር አንድ ቢገኝ የሚያስደነግጥ አይደለም። የሚያስደነግጠው ብዙው በአንዴ ሲረግፍ፣ ወይም ቆዳዋ ሲቀላና ሲያሳክካት ነው። ያኔ እከክ ወይም ፈንገስ ወይም አለርጂ ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም ማየት አለበት።

በአፏ ግራና ቀኝ 12፣ 12 ገደማ ጢም አላት። ከዓይኗ በላይና አገጯ ላይም አለ። ከፊት እግሮቿ በስተኋላ እንኳ ጥቂት አሉ። ልጄ ይህን አላምንም ብላ ድመቷን ገልብጣ ካላየች አልለቀቀችኝም።

ጢሙ ራሱ እንደ ጥፍር ነው፤ ቢነቀል ያማል እንጂ ቢቆረጥ አያምም። ነገሩ ያለው ሥሩ ላይ ነው። ሥሩ ከሌላው ፀጉሯ ሦስት እጥፍ ያህል ጠልቆ፣ ደም በሞላበት ከረጢት ውስጥ ተቀምጧል፤ ዙሪያውንም ነርቭ ከቦታል። ጫፉን ነፋስ ሲነካው ሥሩ ያውቃል። ድመት አፍንጫዋ ሥር ያለውን ነገር አጥርታ አታይም፤ የነከሰችው አይጥ ወዴት እንደሚፈራገጥ፣ የምትገባበት ቀዳዳ ያሳልፋት እንደሆን በጨለማ የሚነግራት ጢሟ ነው።

ይህን ሁሉ የተማርኩት ቆይቼ ነው። በዘጠኝ ዓመቴ የማውቀው መቀስ መያዝ ብቻ ነበር።

ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ብርዱን ለምታውቁት፣ ድመታችን ውሮ ከከሰል ማንደጃው ዳር የማትነሣ መሆኗን መንገር አያስፈልገኝም። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ኅዳር ሚካኤል ሰሞን እሷ ገበያ በወጣችበት የስፌት መቀሷን አንሥቼ ፀጉር አስተካካይ ሆንኩ። ደንበኛዬ ውሮ ነበረች። የግራ ጢሟን እስከ ሥሩ ከረከምኩት። ድምፅ አላሰማችም። ወደ ቀኝ ስዞር ግን እጄን ቧጨረችኝና ሄደች።

የጓዳው በር ላይ አባቴ ለእሷ ብሎ የቆረጠው ቀዳዳ ነበር። ያን ቀን ማታ ውሮ በቀዳዳው ፊቷን ታስገባና ትመለሳለች፤ ደግማ ታስገባና ትመለሳለች። እናቴ አነሣቻትና ወደ መብራቱ አስጠጋቻት።

«ይቺን ድመት ማነው ያቃጠላት?»

ቤታችን ከመንዝ የመጣች ሠራተኛ ነበረች፤ ቢበዛ 15 ዓመት ቢሆናት ነው። ከሰሉን የምታያይዘው እሷ ናት። በዚያ ሳምንት ብርጭቆ ሰብራለች፣ ወጥም አሳርራለች።

«ኧረ እኔ አይደለሁም እትዬ፣ በሚካኤል!» አለች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። ቤቱን የጠረገችው እሷ ስለሆነች የጢሙን ቁራጭ ማየቷ አይቀርም። የተቧጨረ እጄን ኪሴ ከተትኩ። እሷም ምንም አልተናገረች። የእመቤቷን ልጅ ብትከስ ማን ያምናታል?

«ዛሬ ድመት ያቃጠለች ነገ ቤቱን ታቃጥለዋለች» አለች እናቴ። ገና ሳይደርስ አሰናበቷት። ልብሷን በፌስታል ይዛ ስትወጣ ደጅ ኳስ እየተጫወትኩ ነበር። «ደኅና ሁን» አለችኝ። ኳሱን ተከትዬ ሮጥኩ።

ከዚያ በኋላ የውሮን ጢም በየቀኑ እመረምር ጀመር። ከበቀለ ነገሩ ሁሉ እንዳልነበረ የሚሆን መስሎኝ ነው። ጉቶዎቹ አንድ በአንድ ወደቁ፤ በቦታቸው ጫፋቸው እየቀጠነ የሚሾል አዳዲስ ጢሞች ወጡ። ጥር ሲያልቅ ግራና ቀኙ አይለይም ነበር። ውሮም እንደ ድሮዋ በቀዳዳው ትገባ ጀመር።

አሁን የማውቀው ሌላም ነገር አለ። የተቃጠለ ጢምና የተቆረጠ ጢም አይመሳሰሉም። እሳት የነካው ጫፉ ይጠቀለላል፣ ይጠቁራል፣ በጣት ሲያሹት ይፈረፈራል። (እሳቱ ቆዳውን ዘልቆ ሥሩን ካጠፋው ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።) መቀስ ያገኘው ግን ድፍን ብሎ ነው የሚቆረጠው። እናቴ ያሳደገችን በመቀስ ነው። መቀስ የቆረጠውን ከእሳት መለየት እንዴት ያቅታታል?

የዛሬ አራት ዓመት ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። እጇን ሳታቆም፣ «የተቃጠለ ፀጉር እኮ ይሸታል» አለች። የምትጨምረው ነገር ካለ ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ጠጠር አወጣችና ጣለች፤ መልቀሟን ቀጠለች።

ይህቺን የመጨረሻዋን ለልጄ አልነገርኳትም፤ አያቷን ትወዳታለች። የእኔን ድርሻ ግን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ስጨርስ ይቆጣሉ ብዬ የጠበቅኋቸው ዓይኖቿ ጢሙ ላይ ነበሩ።

«ልጅቷስ?»

«አገሯ ገባች።»

«አገሯ የት ነው?»

«መንዝ።»

ጢሙን በደብተሯ ቅጠሎች መሃል አስቀመጠችና፣ «ታዲያ ለምን ሄደን አንፈልጋትም?» አለችኝ።

«መንዝ ሰፊ ነው» አልኳት። የአባቷን ስም እንኳ ጠይቀናት አናውቅም ነበር።