ወረቀት የሌለው እውቀት

በፔታሕ ቲክቫ በምንሠራበት ቢሮ አንድ ቀን አንድ አዛውንት አባታችን መጡ። እኛ ማኅበራዊ ሠራተኞች የለመድነው የመብራት ዕዳ፣ የቢቱዋሕ ሌኡሚ ደብዳቤና የቤት ኪራይ ጉዳይ ነው። እሳቸው ግን ከኪሳቸው ያወጡት የዓሣ መንጠቆ ነበር።

አባ ያደጉት በደምቢያ፣ ጣና ዳር ነው። እዚህም ጡረታ ከወጡ ወዲህ ወደ ባሕሩ እየወረዱ ዓሣ ያጠምዳሉ። ክሩ እንዳይጠላለፍባቸው ከቡሽና ከሽቦ አንድ ነገር አበጁ። የማጥመጃ ዕቃ የሚሸጥ ባለሱቅ አይቶ ወደደው፤ አንዱን ሰጡት። ኋላ ያው ነገር በፕላስቲክ ታሽጎ ሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አገኙት።

«ልጆቼ፣ ገንዘቡ አይደለም የቆጨኝ። የእኔ ነው ብል ማን ያምነኛል?» አሉን።

እኛም የሕግ ሰው ጠየቅን። በ2017 በወጣው የእስራኤል የዲዛይን ሕግ መሠረት፣ የሠራውን ቅርጽ ለሕዝብ ያሳየ ሰው በ12 ወር ውስጥ ማስመዝገብ ይችላል፤ የተመዘገበውም እስከ 25 ዓመት ይጠበቅለታል። የአሠራር ፈጠራ ከሆነ ደግሞ ፓተንት ያስፈልጋል፤ ማመልከቻውም በመሠረቱ ነገሩ በይፋ ከመታየቱ በፊት መግባት አለበት። አባ ዘንድ ሲመጡ ዓመቱ አልፎ ነበር። ፎቶግራፍ የለም፣ ቀን የተጻፈበት ወረቀት የለም።

ይህ የአባ ዕጣ ብቻ አይደለም። የጤፍን ነገር እናስታውስ። በ2005 ኢትዮጵያ ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ከጤፍ የሚገኘውን ጥቅም ለመካፈል ተዋዋለች። ኩባንያው ግን በ2007 በጤፍ ዱቄትና ከእሱ በሚሠሩ ምግቦች ላይ የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠው። አዲስ ነው ከተባለው አንዱ፣ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ቆይቶ መፈጨቱ ነበር! ይህን ለእናቶቻችን ብንነግራቸው ይስቁብናል። የከረመ ጤፍ ለእንጀራ እንደሚሻል ለማወቅ ማን ኩባንያ ጠየቀ?

ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱም ወደ ሌላ ድርጅት ተሻገረ። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፈጠራ የለበትም ብሎ የሆላንዱን ፓተንት ውድቅ አደረገው። ሁላችንም ደስ አለን። ነገር ግን በዚያ ችሎት የተከራከሩት ሁለቱም ወገኖች የሆላንድ ድርጅቶች ነበሩ። የእናቶቻችን እውቀት ጉዳይ ሲታይ ከእኛ ወገን ተከራካሪ አልነበረም።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተን የሰው መጽሐፍ ስናጠና፣ ቤታችን ያለውን እውቀት አንድ ገጽ እንኳ አልጻፍነውም። ይህ የእኛ ጥፋት ነው። ስለዚህ አደራ እንላለን፤ ሸክላ የምትሠሩ፣ ጥልፍ የምትጠልፉ፣ ብረት የምትቀጠቅጡ ወገኖቻችን፣ አዲስ ነገር ስታበጁ ፎቶግራፍ አንሱት፣ ቀኑን ጻፉበት፣ ለነጋዴ ከማሳየታችሁ በፊት ጠይቁ። ዕብራይስጡ ካስቸገረ ልጆቻችሁ ይጻፉላችሁ፤ እኛም አለን።

አባ ባለፈው ሳምንት ተመልሰው መጥተው ነበር። ከልጅ ልጃቸው ጋር ሆነው በደብተር ላይ ሥዕል ሥለው፣ ቀን ጽፈውበታል። ዕቃው በመሐረብ እንደተጠቀለለ ነው። «ይህ ሌላ ነው፤ ገና ለማንም አላሳየሁትም» አሉን።

እኛም መሐረቡ ሳይፈታ አብረን ማመልከቻውን መሙላት ጀመርን።