የእናቴ ደብተርና የእኔ ፕሮግራም

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲባል ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ትርጉሙ በእውነት የገባኝ ግን በዚህ ዓመት፥ በገዛ እጄ ከሠራሁት ጥፋት የተነሣ ነው።

እናቴ የሰፈራችን ዕቁብ ጸሐፊ ናት። አባሎቹ 24 ሲሆኑ እያንዳንዱ በየሳምንቱ 500 ብር ይከፍላል። እናቴም የከፋዩን ስም፥ ቀኑንና ገንዘቡን በአንድ አሮጌ ደብተር ላይ በየመስመሩ ታሰፍር ነበር። እኔ ፓይተን በሚባለው ቋንቋ ፕሮግራም መጻፍ ስለ ጀመርሁ፥ «ደብተሩን ተዪው፤ ከእንግዲህ ሒሳቡን ኮምፒዩተር ይይዝልሻል» አልኋት። እርስዋም በልጅዋ ትምህርት ደስ ብሏት ደብተሩን ዘጋች።

በአንድ ሳምንት አንዲት ጎረቤታችን 300 ብር ብቻ ሰጡ። እናቴ የጐደለውን ከኪስዋ ሞልታ ዕጣው ለወጣለት አስረከበች፤ ሴትዮዋም በማግሥቱ ቀሪውን 200 ብር አመጡ። በወሩ መጨረሻ ግን ፕሮግራሙ 300 ብር ዕዳ አለባቸው ብሎ አወጣ። እናቴ ነገሩን በትክክል አላስታወሰችም፤ እኔም «ኮምፒዩተር አይሳሳትም» ብዬ ተከራከርሁ። ሴትዮዋ በዕቁብተኛው ፊት ሲጠየቁ «ከፍያለሁ» አሉ፤ የሚያምናቸው ባጡ ጊዜ ዝም አሉ። በሦስተኛው ቀን 300 ብሩን እንደ ገና ከፈሉ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቡና ሲጠሩ መምጣት ተዉ።

ይህ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ፕሮግራሙን ብመረምረው የመጨረሻውን ቁጥር ያሳየኛል እንጂ ወደዚያ እንዴት እንደ ደረሰ አይነግረኝም። መምህራችንን ባማከርኋቸው ጊዜ፥ «ለመሆኑ ፕሮግራምህ የሠራውን የሚጽፍበት መዝገብ አለውን?» ሲሉ ጠየቁኝ። አልነበረውም።

ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ሎጊንግ የሚባል ክፍል በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ከፓይተን ጋር አብሮ ይገኛል። መልእክቶቹን በአምስት ደረጃ ይለያቸዋል፦ ዲበግ ለጥቃቅን ምርመራ፥ ኢንፎ ለዘወትር ክንውን፥ ዋርኒንግ ለማስጠንቀቂያ፥ ኤረር ለስሕተት፥ ክሪቲካል ለከባድ ብልሽት ናቸው። ካልታዘዘ በቀር ከዋርኒንግ በታች ያለውን አይጽፍም፤ እኔም ይህን ሳላውቅ ቀርቼ በመጀመሪያው ሌሊት ፋይሉ ባዶውን አደረ። በማግሥቱ ደረጃውን ወደ ኢንፎ ዝቅ አደረግሁ፤ በየመስመሩም ቀንና ሰዓት እንዲገባ አዘዝሁ።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ አንድ ሌላ አባል ገንዘባቸውን በሁለት ጊዜ ከፈሉ። መዝገቡን ስከፍት «400 ተቀበልሁ፤ ድምሩ 400» ይላል፤ ቀጥሎም «100 ተቀበልሁ፤ ድምሩ 100» ይላል። በእነዚህ ሁለት መስመሮች ጥፋቱ ተገለጠ። ፕሮግራሜ አዲሱን ገንዘብ በፊተኛው ላይ በመደመር ፈንታ ፊተኛውን እያጠፋ በቦታው ይተካ ኖሯል። የጐደለችው አንዲት የመደመር ምልክት ብቻ ናት!

ያን ዕለት ማታ እናቴና እኔ 300 ብሩን ይዘን ወደ ጎረቤታችን ቤት ሄድን። «እትዬ፥ ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። እሳቸውም ብሩን ሳይቈጥሩ ተቀብለው፥ «ልጄ፥ የቈጨኝ ገንዘቡ አይደለም» አሉኝ። ይህ ቃል ከማናቸውም ተግሣጽ ይልቅ ዘልቆ ተሰማኝ።

እንግዲህ ፕሮግራም መጻፍ የጀመራችሁ ጓደኞቼ፥ ሥራችሁ ትንሽ ናት ብላችሁ መዝገቡን አትተዉ። መቼ፥ ምን እንደ ገባና ምን እንደ ወጣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ አስጽፉ፤ የሰው የይለፍ ቃልና ምሥጢር ግን ከቶ አይጻፍበት። ስሕተት መሥራት የጀማሪ ዕጣ ነው፤ ስሕተታችን በሌላው ሰው ላይ እንዳይላከክ ማድረግ ግን በእጃችን ነው።

እናቴ ደብተርዋን እንደ ገና ከፍታለች። አሁን እርስዋ በብዕር፥ ፕሮግራሙም በፋይሉ ይጽፋሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታም ሁለቱን አብረን እናመሳክራለን።