መጀመሪያ «መቼ ጀመረው?» እንበል

ከሥራ ደክማችሁ ስትገቡ ልጃችሁን ኮምፒዩተር ፊት ተተክሎ ሲጫወት አግኝታችሁ የተቈጣችሁ ጥቂቶች እንዳልሆናችሁ አውቃለሁ። እኔም ከእናንተ አንዷ ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ልጆች ጨዋታ ይተዉ ወይስ አይተዉ ብዬ ለመከራከር አይደለም። አንድ ኮምፒዩተር በቤቴ ስላስነሣው ጠብና ጠቡ እንዴት እንደ በረደ ላጫውታችሁ ነው። ተመሳሳይ ችግር የገጠማት እናት ብትኖር ገንዘቧንም የልጇንም ልብ ታተርፍበት ይሆናል።

የምኖረው በፍኖተ ሰላም ከተማ ሲሆን ሥራዬ ነርስነት ነው። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ ኮምፒዩተሩን የገጣጠመው በገዛ እጁ ነው። ሳጥኑ በጨረታ ከተሸጡ አሮጌ የቢሮ ዕቃዎች መካከል የተገኘ ነው። ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ ሌላ ሰው የተገለገለባቸው ናቸው። የጨዋታውን ሥዕል የሚሠራውን ግራፊክስ ካርድ ደግሞ አጎቱ ከመርካቶ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከለት። የጎደለውን ክረምቱን በሙሉ የጎረቤት ስልክ እየጠገነ ባገኘው ገንዘብ ሞላ። ማሽኑ መጀመሪያ የበራ ዕለት ቤተሰቡ በሙሉ እልል አለ። የፊፋ እግር ኳስ ጨዋታ ያለ አንዳች መሰናክል ይሄድ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ነገሩ ተበላሸ። ተጫዋቾቹ እየተቈራረጡ ይሮጣሉ፤ ኳሱ አንድ ቦታ ቆሞ ይቆይና በድንገት ግብ ውስጥ ይገኛል። ልጁ ይነጫነጫል፤ ጠረጴዛ ይመታል። አንድ ቀን ወደ እኔ መጣና፣ «እማዬ፣ ካርዱ ደካማ ስለሆነ ነው፤ ሌላ ካልተገዛ አይሆንም» አለኝ።

እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን የእቁብ ዕጣ ደርሶኝ ነበር። ገንዘቡ ክረምት ሳይገባ የቤታችንን ጣራ ቆርቆሮ ለመለወጥ የታሰበ ነው። በዚህ የተነሣ በቁጣ ገነፈልኩ። «ለትምህርትህ እንዲህ ብታስብ ኖሮ የት በደረስክ! ሥራ ፈት!» አልኩት። አባቱም፣ «ይሸጥና እንገላገል» አለ። ልጁ ምንም ሳይመልስ ወጥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ቀን በአንድ ማዕድ ቀርበን ሳንነጋገር በላን።

ማሽኑን መሸጥ ቀላል ነበር፤ ዳሩ ግን አስቡት። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። ልጄ በሚቀጥለው ዓመት ፈተናው ፊት ይቀርባል። ታዲያ በገዛ እጁ የሠራውን ዕቃ ከፊቱ ነጥቄ ምን ልሰጠው ነው?

በአራተኛው ቀን አባ ወራው ሳይገባ ከልጁ ጋር ቁጭ አልን። በምሠራበት ቦታ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ስትመጣ ገና መድኃኒት ሳናስብ የምንጠይቃት፣ «መቼ ጀመረው? ምን በልቶ ነበር? ሲመሽ ይብስበታል?» ብለን ነው። ለገዛ ልጄ ግን ይህን ጥያቄ አልጠየቅኩትም ነበር።

«ለመሆኑ መቼ ጀመረው?» አልኩት።

በመጀመሪያ ያመካኘው በምጣዴ ነበር። እንጀራ ስጋግር የቤቱ መብራት ደብዘዝ ስለሚል፣ «ምጣዱ ኃይሉን እየሳበው ነው» አለኝ። ነገሩ ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ይወስዳል። ነገር ግን ምጣድ ባልጣድኩበት ቀን ጨዋታው ቀና ብሎ እንደ ሆነ ስጠይቀው፣ «ያው ነው» አለኝ። በኋላም እንደ ተረዳነው፣ ኃይል ሲያንስ ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል ወይም እንደ ገና ይነሣል እንጂ ሁልጊዜ እየተንቀራፈፈ አይሄድም። ስለዚህ ምጣዱ ነፃ ወጣ።

«እንግዲያው ከመቼ ወዲህ ነው?» አልኩት ደግሜ። ጥቂት አሰበና፣ «ከማኅበሩ ወዲህ» አለኝ።

እኅቶቼ፣ ይህን ስሰማ ክው አልኩ። በኅዳር ወር ተራዬ ደርሶ ማኅበር ደግሼ ነበር። ልጁ ትምህርት ቤት ሳለ፣ ለእንግዶች መቀመጫ ብዬ ኮምፒዩተሩን ከሳሎን አንሥቼ ወደ ጓዳ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሽቦዎቹንም ነቅዬ መልሼ የሰካኋቸው እኔው ነኝ። ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም፤ ዝም ልልም ቃጥቶኝ ነበር። ግን ከበደኝና ነገርኩት።

ልጁ ባትሪ ይዞ ከማሽኑ ጀርባ ጎንበስ አለና በሣቅ ፈረሰ። የስክሪኑን ገመድ የሰካሁት ግራፊክስ ካርዱ ላይ ሳይሆን ከላይ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ተመሳሳይ ቀዳዳ ነበር። ማዘርቦርዱም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ደካማ የሥዕል ክፍል እየተጠቀመ ምስሉን ያሳየን ነበር። ምስል ስለማይጠፋ ማንም አልጠረጠረም። ከመርካቶ የመጣው ካርድ ግን ሦስት ወር ሙሉ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ሥራ ፈቱስ እርሱ ነበር!

ገመዱን ወደ ቦታው መለስነው። ልጁ በነፃ በሚገኝ መለኪያ ፕሮግራም አሳየኝ፤ በአንድ ሴኮንድ 14 ብቻ የነበረው የሥዕል ብዛት 52 ደረሰ። ለዓይን የሚያስደስተው ወደ 60 ሲጠጋ ነው አለኝ። ተቃቀፍን። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግን ቁጥሩ ወደ 24 ወረደ።

አሁን ግን አልተቈጣንም፤ ጥያቄውን ደገምን። ይህ ሁለተኛው ችግር ሲነሣ የለም፤ እየቆየ ነው የሚመጣው። እየቆየ የሚመጣ ደግሞ ትኩሳት ነው። የፕሮሰሰሩን ሙቀት ስናይ 97 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ አገኘነው። ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጉ እንዳይቃጠሉ ራሳቸው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ማሽኑ አልሰነፈም፤ ራሱን እያዳነ ነበር።

ሳጥኑን ስንከፍተው ምክንያቱ ወለል ብሎ ታየ። ጓዳዬ የጤፍ ዱቄት የሚነፋበት፣ ከቡሬ የመጣው ዛላ በርበሬ ተደልዞና ተፈጭቶ የሚነፋበት ቦታ ነው። ማራገቢያው ያን ሁሉ አቧራ ከወጥ ጢስ ጋር ሲምግ ከርሞ፣ የማቀዝቀዣው ብረት ክንፎች እንደ ጭቃ በሚጣበቅ ቀይ ቡናማ ነገር ተደፍነዋል። በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባትም በዕድሜ ብዛት ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

አሠራራችን እንዲህ ነበር። ማሽኑን አጥፍተን ገመዱን ከግድግዳው ነቀልን። ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ይዘን አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አራገፍን። የደረቀውን ቅባት በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጠርገን በደንብ እስኪደርቅ ጠበቅን። ከዚያም ከኮምፒዩተር ጠጋኝ ከገዛነው አዲስ ቅባት የአንድ አተር ፍሬ ያህል ብቻ አደረግን። አደራ የምላችሁ ነገር አለ፤ ኃይል የሚገባበትን የተዘጋ ሣጥን ግን እንዳትከፍቱ። ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል።

ኮምፒዩተሩ ወደ ሳሎን ተመለሰ። ሙቀቱ ወደ 68 ወረደ፤ ሥዕሉም ሳይቋረጥ ከ50 በላይ ሆኖ አመሸ። ያወጣነው የቅባቱን ዋጋ ብቻ ነው። ቆርቆሮውም ተገዛ።

እናንተም ቤት ማሽን ቢያንቀራፍፍ፣ ለአዲስ ዕቃ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ልጃችሁን ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቁት። ከመነሻው ነው ወይስ ሲሞቅ? ምን ነገር ተዛውሮ ወይም ተጨምሮ ነበር? ሌሎች ፕሮግራሞች ከጀርባ እየሠሩ ይሆን? የጨዋታው የሥዕል ጥራት ከማሽኑ አቅም በላይ ተደርጎ ይሆን? በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡና ውጤቱን እዩ። ሁለት ነገር አብራችሁ ከለወጣችሁ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልረዳ ያኔ ካርዱ ደካማ ነው ማለት ያምርበታል።

እናቴ የሰከላ ሰው ናት። ልጅ ሳለሁ ግሽ ዓባይ ወስዳኝ ምንጩን ባየሁ ጊዜ፣ ያ ሁሉ ወንዝ ከዚህች ይነሣል ብዬ ማመን አቅቶኝ ነበር። በቤታችን የተነሣው ጠብም መነሻው ቦታውን የሳተ አንድ ገመድና አንድ እፍኝ የማይሞላ አቧራ ነበር። ልጄን ስለ ተናገርኩት ቃል ይቅርታ ጠየቅኩት። እርሱም፣ «እማዬ፣ አሁን አንቺም ጠጋኝ ሆነሻል» አለኝ። ጨዋታው ከጥናት በኋላ እንዲሆን ተስማማን፤ በርበሬ በምነፋበት ቀን ደግሞ የጓዳውን በር የሚዘጋው እርሱ ነው።