ሳተላይት ወይስ ፍላሽ? ጠመንጃ ያዥ ላይ የተነሳ የመኪና ውስጥ ሙግት

ጠመንጃ ያዥ ሄዳችሁ ጠመንጃ የያዘ ሰው ለማየት ያሰባችሁ ካላችሁ ይቅርባችሁ፣ አታገኙም። ስሙ የድሮ ባለሟሎች የሥራ ስም ነው። የጌታውን ጠመንጃ ተሸክሞ ከኋላ ከኋላ የሚከተል ሰው ጠመንጃ ያዥ ይባል ነበር። አዲስ አበባ ደግሞ ስትቆረቆር ሰፈሮቿን በሰፈሩባት ሰዎች ሥራ የመጥራት ልማድ ነበራትና ሠራተኛ ሰፈር፣ ዘበኛ ሰፈር፣ ጠመንጃ ያዥ እየተባለ ወርዶ ወርዶ እኛ ዘንድ ደረሰ። ጠመንጃውም ጌታውም የሉም። ስሙ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ዛሬ ይህ ሰፈር የያዘው መኪና ነው! ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከሜክሲኮ አደባባይ ተነስቶ ወደዚያ ለመግባት የሞከረ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሜክሲኮ ላይ ሽው ብሎ ያልፋል፤ እኛ በመኪና የመጣነው እዚያው ቆመናል። ሶፍትና ማስቲካ የሚሸጡ ልጆች በመስኮት በኩል ጎንበስ እያሉ ይሄዳሉ። ሚኒባሱ ውስጥ ስለ አርሰናልና ስለ ማንቼ ክርክር ተጧጡፏል። ከፊት ያለው አይሱዙ ትዝታ ይለቃል፣ ከጎን ያለችው የቤት መኪና መዝሙር፣ ከኋላ ያለው ደግሞ መንዙማ። መስኮታችሁን ዝቅ ብታደርጉ ግማሽ ኢትዮጵያን ባንድ ጊዜ ትሰማላችሁ።

እንዲህ ባለ መንገድ ላይ የሚውል ሰው ከሞተሩ ይልቅ ለመኪናው ድምፅ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። ዛሬ የማወራችሁም ስለዚሁ ነው።

ሁለት ወዳጆች አሉኝ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ጋዜጣውን ካነበቡት ራሳቸውን አያጡትም። ቀለበት ካሰሩ ስድስት ወር አልፏቸዋል። እሱ ቪትዝ አለችው። የእሷ እናት ቤት ጠመንጃ ያዥ ስለሆነ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በዚያ መንገድ ይመላለሳሉ። ጠባቸውም እዚያው መንገድ ላይ ይጀምራል። እሱ ከ900 በላይ ዘፈን የጫነባት ፍላሽ አለችው። መኪናዋ ስትነሳ ፍላሿ ትሰካለች፣ መኪናዋ ስትቆም ትነቀላለች። እሷ ደግሞ ራዲዮ ትፈልጋለች። ራዲዮ ክፈት ስትለው፣ «ሞቷል እኮ፣ ነግሬሽ የለ!» ይላታል። ከዚያ በኋላ ዝምታ።

ይህን ጠብ ለመጨረስ ነው መሰለኝ ወዳጄ አንድ ቀን ደውሎ፣ «ሳተላይት ራዲዮ ከአሜሪካ ላስመጣላት ነው። ወንድሟ ዋሽንግተን አይደል? መቶ ምናምን ቻናል፣ ጥርት ያለ ድምፅ! ምን ትለኛለህ?» አለኝ። ከኋላው ድምጿ ይሰማኛል። «ለሠርጉ የምናጠራቅመውን ብር ነው ሰማይ ላይ የሚበትነው! እስቲ አንተ ፍረደን!»

ልፈርድ ሄድኩ። የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ከሜክሲኮ ጉዞ ጀመርን።

ውድ አንባቢያን፣ መኪናዋ እስክትንቀሳቀስ ድረስ (ጊዜ አለን!) ብዙ ወጣት የማያውቀውን አንድ ታሪክ ላጫውታችሁ። ሳተላይት ራዲዮ የሚባለውን ነገር ለዓለም ካመጡት ሰዎች አንዱ እዚሁ አዲስ አበባ የተወለደ የሕግ ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ውስጥ ወርልድስፔስ የሚባል ኩባንያ አቋቋመ። በሾርት ዌቭ ጩኸት ጆሮው ለደነቆረው የአፍሪካና የእስያ አድማጭ የጠራ ድምፅ በቀጥታ ከሰማይ ማውረድ ነበር ሐሳቡ። አባቶቻችን ማታ ማታ ጆሯቸውን ራዲዮኑ ላይ ለጥፈው፣ ቁልፉን በፀጉር ስንጥቅ ያህል እያዞሩ የጀርመንን ድምፅና የአሜሪካን ድምፅ ሲፈልጉ ያየ ሰው ሐሳቡ ከየት እንደመጣ አይጠፋውም። ጥቅምት 18 ቀን 1991 ዓ.ም. አፍሪስታር የተባለችው ሳተላይት ከፈረንሳይ ጊያና ተተኮሰች። በዓመቱ ስርጭት ተጀመረ። በ1992 ዓ.ም. ኤሽያስታር የምትባለው እህቷ ተከተለች።

ይገርማል አይደል? አሜሪካኖቹ በየመኪናቸው የሚያዳምጡት ኤክስ ኤም የተባለው ሳተላይት ራዲዮም ሲቋቋም የወርልድስፔስ ገንዘብና እጅ ነበረበት። የእኛ አገር ልጅ ያቀጣጠለው እሳት እነሱ ጓዳ ውስጥ ነደደ ማለት ነው።

የሁለቱ ልዩነት ግን እዚህ ላይ ነው። አፍሪስታር የተሠራችው ቁጭ ብሎ ለሚያዳምጥ ሰው ነው። ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከአዲስ አበባ ሲታይ ወደ ምዕራብ አዘንብላ ትቆም ነበር። የመቀበያው አንቴና ወደ እሷ ፊቱን ማዞር ነበረበት፤ በመካከል ግድግዳም ዛፍም እንዲገባ አይፈቀድም ነበር። በረንዳ ላይ አስተካክላችሁ ካስቀመጣችሁት ግሩም ነበር! መኪና ላይ ስታደርጉት ግን መኪናው በዞረ ቁጥር አንቴናው ይዞር ነበር፣ ሕንፃ ሥር በገባ ቁጥር ድምፁ ይቆረጥ ነበር። አሜሪካኖቹ ይህን ያመለጡት ጉልበተኛ ሳተላይት አምጥቀው ብቻ አይደለም፤ በየከተማው ሕንፃ ላይ የሳተላይቱን ድምፅ የሚደግሙ ማሰራጫዎች ተክለው ነው። ያንን ሁሉ ወጪ ጠመንጃ ያዥ ላይ ማን ያወጣል?

ሌላም ነገር መጣ። ኤክስ ኤም አሜሪካ ውስጥ ስርጭት የጀመረው መስከረም 15 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ጥቅምት 13፣ አፕል ወደ 1000 ዘፈን የሚይዝ አይፖድ የሚባል ነገር ለዓለም አሳየ። ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ሙዚቃ ከሰማይ መውረዱ ቀርቶ ኪስ ውስጥ ገባ። ኤክስ ኤም ከተፎካካሪው ከሲሪየስ ጋር በ2000 ዓ.ም. ተዋህዶ በሕይወት ቆየ። ወርልድስፔስ ግን በጥቅምት 2001 ዓ.ም. የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በ2002 ዓ.ም. አብዛኛው ደንበኛው የነበረበት የሕንድ አገልግሎት ተዘጋ።

እኛስ? እኛ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ ተሻገርን። ፍላሽ ወርኃዊ ክፍያ የለባት፣ ፊርማ የለባት፣ ኩባንያዋ ቢከስር ዘፈኑ አብሮ አይከስርባት። ድሃ አገር ውስጥ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም! የዘፋኞቻችንን እንጀራ የበላችውም ይህችው ፍላሽ እንደሆነች ግን ሳልናገር አላልፍም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ አለ፤ አንዷን ፍላሽ ለአሥር ጓደኛ ከመገልበጥ ያቆመው ሰው ግን እኔ አላየሁም።

ወደ ቪትዟ እንመለስ።

ወንድምየው ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ብዙ ዓመት ኖሯል። ገና ሜክሲኮን ሳንለቅ በስልክ አገኘነው። ወዳጄ ስለ ሳተላይቱ ጠየቀው። «ስማኝ ወንድሜ፣» አለው፣ «እኔ ከዋሽንግተን እስከ አትላንታ አንዱን ጣቢያ አንዴም ሳይቆረጥ እየሰማሁ ነድቻለሁ። አሪፍ ነው። ባማርኛ የሚያወራ ግን አላገኘሁበትም። ደግሞ እዚያ አይሠራልህም። ሳተላይቱ የሚያበራው ሰሜን አሜሪካ ላይ ነው። ገንዘብህን አታቃጥል፣ ይልቅ እህቴን ደህና ቦታ ራት ጋብዛት!» እሷ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

አንድ ነገር አለቀ። እናንተም ብትሆኑ ከአሜሪካ ሳተላይት ራዲዮ ይምጣልን የምትሉ ካላችሁ ልክ እንደዚሁ ነው፤ እዚህ ሲደርስ የሚያወጣው ድምፅ የለም።

ሁለተኛው ነገር የተከሰተው ጠመንጃ ያዥ ልንደርስ ስንል መኪናው ሁሉ ተጠላልፎ በቆመበት ነው። ወዳጄ ፍላሿን የሚያጫውታት በሲጋራ መለኮሻው ላይ በምትሰካ ትንሽዬ ማሰራጫ ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ፍላሿን ትቀበልና ዘፈኑን በኤፍ ኤም መልክ ትረጨዋለች፤ የመኪናው ራዲዮ ያንን ይይዛል። የሱ 88.3 ላይ ነበረች። በድንገት ዘፈኑ መሃል ላይ ተንኮሻኮሸና፣ «ሃሌ ሉያ» የሚል መዝሙር ገባበት! ከጎናችን የቆመችው መኪናም ለካ እንደኛው ዓይነት ማሰራጫ 88.3 ላይ ከፍታለች። ሹፌሯ አንዲት ሴትዮ ናቸው፤ የእኛ ዘፈን ወደ እሳቸው ሳይገባ አልቀረም መሰለኝ ገልመጥ አድርገውናል።

እኔ በሳቅ ልሞት ነው። እጮኛይቱ ግን አልሳቀችም። ዞር ብላ አየችው።

«ቆይ እስቲ። ራዲዮኑ ሞቷል ብለኸኝ አልነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ይሄ መዝሙር በየት ገባ?»

ዝም አለ። ይቺ ጥያቄ የኢንጂነር ጥያቄ ናት! እውነቷን ነው፤ ራዲዮኑ ከሞተ ፍላሿ ራሷ በምን ትዘፍናለች?

ነገሩ እንዲህ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የቆዩ መኪኖች ራዲዮናቸው የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ድረስ ያለውን ነው፤ የጃፓን ኤፍ ኤም የቆየው እዚያ ውስጥ ነው። የእኛዎቹ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 ከዚያ በላይ ናቸው። ስለዚህ መሪያቸው ዱባይ ላይ ወደ ግራ ተቀይሮ የገቡት አንዳንድ ቪትዞች ሸገርን ፈልጉ ቢባሉ የሚሰሙት ሽሽታ ብቻ ነው። (አንዳንዷማ ሞተሯ ሲነሳ በጃፓንኛ ሰላምታ ትሰጣለች፤ የሚመልስላት ግን የለም።) ማሰራጫዋ ግን ከ90 በታች ስለምትረጭ ትያዛለች። ራዲዮኑ ጤነኛ ነው፤ አዲስ አበባን የመስማት ዕድል ብቻ ነው ያልተሰጠው።

መድኃኒቱም ቀላል ነው። ባንድ ኤክስፓንደር የምትባል የክብሪት ቀፎ የምታክል ዕቃ አለች። በአንቴናው ገመድና በራዲዮኑ መካከል ትገባና ቁጥሩን ዝቅ ታደርገዋለች። 16 የምትቀንስ ከሆነች 102.1 ያለው ጣቢያ 86.1 ላይ ይሰማል፣ 97.1 ደግሞ 81.1 ላይ። ከ92 በታች ያሉት ጣቢያዎች ያመልጧታል፤ እሱን ቻሉት። ዋጋዋ ሳተላይት ራዲዮ ይቅርና የሁለት ሰው ምሳ እንኳ አይሞላም።

ይህን ስነግራቸው እሷ መንገዱን እያየች ነበር። «ታውቅ ነበር?» አለችው ቀስ ብላ።

«መካኒኩ ነግሮኝ ነበር…» አለ።

«መቼ?»

«የገዛኋት ሰሞን።»

ሁለት ዓመት ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ያለችውን ቃል በቃል ነው የምጽፈው፤ የዚህ ዓምድ ወጣት ወንዶች በተለይ አድምጡ። «እኔ ዘፈን ጠልቼ አይደለም። ፍላሹ ሲዘፍን አንተ ዝም ትላለህ። ከሜክሲኮ እዚህ ድረስ አንድ ሰዓት አጠገብህ ተቀምጬ አንድ ቃል አታወጣም። ራዲዮ ሲያወራ ግን ትቃወማለህ፣ ትሳደባለህ፣ ‹እሱ ምን ያውቃል!› ትላለህ። ታክሲ ውስጥ አይቼሃለሁ። እኔ የምፈልገው እሱን ሰውዬ ነው።»

ወዳጄ ፍላሿን ነቀላት። ማንም ነቅለህ አስቀምጥ አላለውም። እናቷ ቤት እስክንደርስ መኪናዋ ውስጥ የነበረው ድምፅ የፍሬቻው ጠቅ ጠቅ ብቻ ነው። እኔም የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ መጥፋት አማረኝ፤ ዳኛ ሆኖ መሄድ ጥሩ ነው፣ ችሎቱ መሃል መገኘት ግን ይከብዳል።

እማማ ቡና አፍልተው ጠበቁን። መደርደሪያቸው ላይ ከባለቤታቸው የቀረ ባለ ሾርት ዌቭ ራዲዮ አለ፤ ዳንቴል አልብሰውታል። ጠቡን አልነገርናቸውም፤ ፊታችንን አይተው ግን፣ «ምነው ልጆቼ፣ መንገዱ ነው?» አሉ። «አዎ እማማ፣ መንገዱ ነው» አልኳቸው። ሁለቱ ወጥተው በረንዳ ላይ ረጅም ሰዓት ተነጋገሩ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ሁለተኛው ቡና ሲቀርብ አልገቡም፣ ሦስተኛው ላይ ገቡ።

እንግዲህ የተጠየቅሁት ፍርድ አለና ልስጥ። ብቻችሁን ረጅም መንገድ፣ ደሴም ሆነ ጅማ፣ የምትነዱ ከሆነ ፍላሽን የሚያክል የለም፤ ተራራው ኤፍ ኤሙን ሲውጠው እሷ አትዋጥም። ከተማ ውስጥ፣ በተለይ ሰው ይዛችሁ ከሆነ፣ ራዲዮ ክፈቱ። መንገድ ቢዘጋ፣ ዝናብ ድልድይ ቢያጥለቀልቅ ፍላሽ አይነግራችሁም። ያገለገለ መኪና ስትገዙም ራዲዮኑ እስከ 108 መድረሱን ገንዘብ ሳትከፍሉ በፊት ሞክሩት። ሻጩ «ሞቷል» ካላችሁ፣ ፍላሽ ሰክቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

ወዳጄ በሳምንቱ ዕቃዋን አስገጥሞ ደወለልኝ። «ምን ሰማችሁ መጀመሪያ?» አልኩት። የሶፋና የአልጋ ማስታወቂያ ነው አለኝ። ውድ ነው ብሎ ሲቃወም፣ እሷ ደግሞ አይደለም ስትለው፣ እየተከራከሩ ጠመንጃ ያዥን አልፈው ሄደዋል።