«ሥራ የላትም» የምንላት እናት

ሰቆጣ ውስጥ ስለ አንዲት እናት ስንጠየቅ «ሥራ የላትም፣ ቤት ነው የምትውለው» እንላለን። ይህች «ሥራ የሌላት» ሴት ግን ዶሮ ሲጮኽ ተነሥታ እሳት ታያይዛለች፤ ልጇን አዝላ፣ ጀሪካኗን ይዛ ውኃ ትወርዳለች። የማሽላ እንጀራዋን ጋግራ ስታበቃ ወጡና ልብሱ ይጠብቋታል። ማታ ሁሉም ሲተኛ እርሷ ገና ሊጥ ታቦካለች።

በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የገባው ቃል በከተማችን ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሏል። በየቤቱ የሚፈጸመው ግን በዚህች እናት እጅ ነው።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 መንገድ ያደከመው ጌታችን ከውኃ ጉድጓድ አጠገብ አረፍ ብሎ እናየዋለን። ውኃ ልትቀዳ የመጣችውን ሴት ያነጋገራት ራሱ ደክሞት ሳለ ነው። እህቴ ሆይ፣ ጌታ ድካምን በወሬ አያውቀውም፤ ቀምሶታል። ለጸሎት ጊዜ አጣሁ ብለሽ አትሸማቀቂ፤ ምጣዱ ፊት ሆነሽ የምትተነፍሺውንም ይሰማል።

ወንድሜ ሆይ፣ «ጌታ ያበርታሽ» ማለትህ መልካም ነው። ዛሬ ግን ጀሪካኑንም ተሸከምላት።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።