ፍርድና እንጀራ

ከሰው ሥራ ሁሉ ወደ እግዚአብሔር ሥራ የሚቀርበው ፍርድ መስጠት ነው፤ ስለዚህም በፍርድ ስም የሚፈጸም በደል ከሌላው በደል ሁሉ ይከፋል። ናቡቴ ርስቱንና ሕይወቱን ያጣው በሽፍታ እጅ ሳይሆን በንጉሥ ማኅተም፣ በሸንጎና በሐሰት ምስክር መሆኑን ለሚያስተውል ሰው ነገሩ ግልጥ ነው።

ደብረ ማርቆስ፣ ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው፣ በ1873 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ ዘውድ የተቀበሉት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻ ነበረች። በዚያ ዘመን ከጭቃ ሹም እስከ ንጉሥ ድረስ ገዢው ሁሉ ዳኛ ነበር። ባላጋራዎች ነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ ተቆራኝተው ይቀርቡ ነበር። መንገደኛ እንኳ ዳኝነት ሲጠየቅ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነገር ይሰማ ነበር። “በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ትቆጨኛለች” የሚለው ተረት ሕዝቡ ፍርድን ምን ያህል ያከብር እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ነገር ግን ዳኛው ደመወዝ አልነበረውም፤ እንጀራው ከባለጉዳይ እጅ ይመጣ ነበር። ተሟጋቾች ማር ወይም በቅሎ ይወራረዳሉ፤ የተረታውም ውርርዱን ለዳኛው ይከፍላል። እንግዲህ ሙግት በበዛ ቁጥር የሚጠቀመው ማን እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ። ሌባ ሻይ በተባለው ልማድ ደግሞ፣ መድኃኒት የጠጣ ብላቴና ተንገዳግዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት፣ ያለ ምስክር ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍል ነበር።

አያቴ ስለ አንዲት ቁራሽ መሬት ዓመታት ተመላልሰዋል። በስንቅና በእጅ መንሻ ሁለት በሬዎቻቸው አለቁ። በመጨረሻ ረቱ፤ ዳሩ ግን ያገኙትን መሬት የሚያርሱበት በሬ አልቀረላቸውም።

የፍርድ ወንበር ለማንም የግል ርስት አይሆንም። የንጉሡ ልጅ ራስ ኃይሉ፣ ጎጃምን ለብዙ ዘመን ሲገዙ ከኖሩ በኋላ፣ በ1924 ዓ.ም. በልጅ ኢያሱ ማምለጥ ምክንያት ተከሰው ተፈረደባቸው፤ ሥልጣናቸውንና ሀብታቸውንም አጡ። በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ፍርድ ቤቶች በየደረጃቸው ተቋቋሙ። የንጉሠ ነገሥቱ የዙፋን ችሎትም ከዘውዱ ጋር በ1967 ዓ.ም. አለፈ።

አዋጅ ወንበሩን ያቆማል፤ በወንበሩ የሚቀመጠውን ሰው የሚያሳድገው ግን ቤት ነው። ልጆች ተጣልተው ሲቀርቡ፣ አባት ወይም እናት የሚያቆላምጠውን ሰምተው ዝምተኛውን ቢቀጡ፣ ልጁ የእጅ መንሻን ትምህርት በዚያች ቀን ይጀምራል። ሁለቱንም አስቀምጠው፣ የታናሹንም ቃል እስከ መጨረሻ ሰምተው ቢፈርዱ ግን፣ ነገ ድሀ ከፊቱ ሲቆም የማያፍርበትን ዳኛ ዛሬ በጎጆአቸው አሳደጉ ማለት ነው።