ማኅደሩን የሚጠብቀው ቁልፍ ብቻ አይደለም

በመሥሪያ ቤታችሁ በስማችሁ የተከፈተ አንድ ማኅደር አለ። በውስጡ የደመወዛችሁ ልክ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥራችሁ፣ የጋብቻ ማስረጃችሁ፣ ምናልባትም ለትዳር ጓደኛችሁ ገና ያልነገራችሁት የሕክምና ወረቀት ይገኛል። ማን እንዳየው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ እንዲህ ያሉ ማኅደሮችን ከሚጠብቁት አንዷ ነኝ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ እኛም መመሪያ ጽፈን ለሠራተኛው አድለናል። ዳሩ ግን መመሪያ ብቻውን ምስጢር አይጠብቅም። የተበላሸ የመታወቂያ ኮፒ የት እንደሚጣል የምታውቀው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። የእንግዶች ስልክ የተጻፈበትን መዝገብ ማን እንደሚያገላብጠው የሚያውቀው ጥበቃው ነው። ሥራ የለቀቀ ሰው የይለፍ ቃል ዛሬም እንደሚሠራ የሚያውቀው የኮምፒዩተር ባለሙያው ነው። እነዚህ ሰዎች የሚያዩን ለቁጥጥር ስንመጣ ብቻ ከሆነ ለምን ብለው ይነግሩናል?

ስለዚህ ቡና ሲፈላ አብሬያቸው እቀመጣለሁ፤ ሥራቸው ምን እንደሚከብደው እጠይቃለሁ። አንድ ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ ከኮፒ ማሽኑ ሥር ያገኘችውን ወረቀት ይዛ መጣች። «እትዬ፣ የሰው ስም አለበት፤ ልጣለው?» አለችኝ። የአንዲት ባልደረባችን የእርግዝና ምርመራ ውጤት ነበር። ሌላ ሰው ቢያነሣው ኖሮ ወሬው ከእርስዋ ቀድሞ ቤትዋ በደረሰ ነበር። በእርስዋው ምክር ከማሽኑ አጠገብ የወረቀት መቆራረጫ አስቀመጥን።

አዋጁ የግል መረጃ ሲያፈተልክ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲገለጽ ያዛል። ላፕቶፕ የጠፋበት ሠራተኛ ፈርቶ ዝም ካለ ግን ድርጅቱ ምን ያሳውቃል? መረጃው የወጣበት ሰውስ በምን ይጠንቀቅ? ባለቤቴ መጋቢ ስለሆነ ሰው የልቡን ይዞ ወደ ቤታችን ይመጣል፤ የከበደ ነገር የሚነገረው አስቀድሞ ለቀረቡት ሰው መሆኑን በዚያ አይቻለሁ።

እንግዲህ ኃላፊዎች፣ የደረሰውን የነገራችሁን ሰው በመጀመሪያ አመስግኑት፤ ከዚያ መርምሩ። ሠራተኞች፣ «ይህን መረጃ ለምን ፈለጋችሁት?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ባለትዳሮች ሆይ፣ የባልደረባችሁን ምስጢር የማታ ጨዋታ አታድርጉት። የእናንተም ማኅደር በሌላ ሰው እጅ ነውና።